ጋራዡ ውስጥ ሰው አያድርም

«እዚህ ውስጥ ሰው ያድራል እንዴ?» አለ አንድ የማላውቀው ድምፅ ከብረቱ በር ወዲያ።

«ኧረ አያድርም» አለች የወንድሜ ሚስት። «ዕቃ ነው ያለው።»

እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ ጣሪያውን እያየሁ። ወትሮ በዚያ ሰዓት ሥራ ገብቻለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ማለዳ ተነስቼ የወንድሜን መኪና ከገመዱ ነቅዬ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ወገቤን ያዝ አደረገኝና፣ እስኪ ትንሽ ልረፍበት ብዬ ተመልሼ ተጋደምኩ። እንግዲህ ሰው በገዛ አልጋው ላይ ተኝቶ «የለም» ሲባል ምን ያደርጋል? ኡህ ኡህ ብል ሴትዮዋን በእንግዳ ፊት ውሸታም ላደርጋት ነው። ዝም ብል ደግሞ እውነትም የለሁም ማለት ነው። ዝም አልኩ። ጉሮሮዬን ሲበላኝ ምራቄን ዋጥኩበት። ስንት ነገር የዋጠ ጉሮሮ ነው፣ ይቺን አያቅታትም።

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው» አለ ሰውዬው። «ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አንገጥምም። ድርጅቱ አይፈቅድም። በሉ ይክፈቱልኝና ወለሉን ልየው።»

«ቁልፉ ባለቤቴ ጋ ነው። ከሰዓት መኪናውን ይዞ ሲመጣ ይከፍታል።»

«እንግዲያው ርዝመቱን ብቻ ልያዝ።»

ከዚያ በበሩ ሥር ቢጫ የሜትር ምላስ ገባ። እየተንቀጠቀጠ፣ ሲሚንቶው ላይ እየተሳበ ወደ እኔ መጣ። የሳጥኔን ጥግ አለፈ፣ የውኃ ጀሪካኔን አለፈ፣ አልጋዬ ሥር ገብቶ ከክት ጫማዬ ጋር ተጋጨና ቆመ።

«የሆነ ነገር ያዘው» አለ ሰውዬው።

«ዕቃ ነው አልኩዎት እኮ» አለች።

ሜትሩ ጫማዬን ገፋ ገፋ አደረገው። ጫማው እምቢ አለ። ከእኔ ይልቅ እሱ ክብር አለው መሰለኝ። በመጨረሻ ሜትሩ ተስፈንጥሮ ወጣና፣ ሰውዬው እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ስለሚገጥመው ዕቃ ማስረዳት ጀመረ። ወለሉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ይገጠማል፤ መኪናው ከላዩ መጥቶ ይቆማል፤ ያለ ሽቦ፣ ያለ ገመድ፣ ከታች ወደ ላይ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል። «ሰክቶ መንቀል ቀረ፣ እመቤቴ» አለ፣ በዓለም ያለውን ችግር ሁሉ የፈታ ያህል ድምፁ ሞቅ ብሎ። «የሰው እጅ አያስፈልገውም።»

የሰው እጅ የሚለው የእኔን ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ወንድሜ ይህን ቤት ሲገዛ መኪና አልነበረውም፣ ጋራዡም ባዶ ነበር። እኔ የተከራየሁበት ሰፈር ሲፈርስ «ጋሼ፣ ለጊዜው እዚህ ሁን» አለኝ። ለጊዜው። ይኸው ለጊዜው እንደተባለ ጸጉሬ ነጣ። በሩ ብረት ስለሆነ በሙቀት ይግላል፣ በብርድ ያልበዋል። መስኮት የለውም፤ ከላይ ርግብ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች፣ ቀን ከሆነ እሷ ትነግረኛለች። ግድግዳው ላይ የመታሁት ሚስማር ልብሴን ይይዛል፣ ልብሴ ደግሞ የጎማ ሽታ ይይዛል። ከጊዜ በኋላ ወንድሜ ከፍ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አደረገውና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ጋራዡን እኔ ስለያዝኩት መኪናው ሜዳ ላይ፣ ፀሐይና ዝናብ ላይ ቀረ። ከማድ ቤቱ መስኮት አጠገብ ካለው ሶኬት ረጅም ጥቁር ገመድ እየተጎተተ ይሰካበታል። መጀመሪያ ሰሞን ወንድሜ ራሱ ነበር የሚሰካው። አንድ ቀን ዝናብ መጣና ረስቶት ገባ፤ እኔ ወጥቼ ሰካሁለት። በማግስቱም ሰካሁ። ከዚያ ወዲያ እሱ መሰካት ተወ። አደራ አላለኝም፣ ተባረክ አላለኝም፤ እኔም ሰካሁልህ ብዬው አላውቅም። ማታ መኪናው ሲገባ እወጣለሁ፣ እሰካለሁ። ማለዳ እነቅላለሁ፣ ገመዱን ጠቅልዬ ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ። እናም ያ ገመድ ለእኔ ገመድ ብቻ አልነበረም። እዚህ ግቢ በነጻ አልተቀመጥኩም የምልበት አፌ ነበር። አሁን እሱንም ሊወስዱት ነው፣ አልጋዬ ያረፈባትን ሲሚንቶ ጨምረው።

እኔና ወንድሜ ብዙ አናወራም። ካወራንም ስለ ጎማ ነው፤ ጎሚስታ ስለሆንኩ ከእኔ ጋር ሌላ የሚወራ ነገር ያለ አይመስለውም። ባለፈው እሑድ መጥቶ የጋራዡ በር ላይ ቆመ። አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ በሌላው የበሩን ዝገት እየፋቀ። ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በስተመጨረሻ «ጋሼ፣ የኋላው ጎማ ንፋስ ትንሽ አላነሰውም?» አለኝ። ወጥቼ ለካሁት፣ ምንም አላነሰውም። እሱ ግን እስክለካ አልጠበቀም፣ ቤቱ ገብቷል። ሊቀልድብኝ ነው ብዬ ያን ቀን እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። የሜትሩን ምላስ ሳይ ግን ገባኝ። ለካ ሊነግረኝ ነበር የመጣው። ውጣልኝ ማለት አቅቶት ነው በጎማ ያመካኘው።

እሷማ ምን ይቸግራታል! ስትናገረኝ በአንቱታ ነው። «እርስዎ»፣ «ይብሉ»፣ «ደህና ይደሩ»። ሰው ክብር ይለዋል፤ እኔ አጥር እለዋለሁ። ቤቱ የገቡ ሰሞን የመሥሪያ ቤቷን ሰዎች ጠርታ፣ እኔ ወንበር ተሸክሜ ሳሎን ስገባ አንዷ ማን እንደሆንኩ ጠየቀቻት። «ግቢውን የሚያዩልን ናቸው» አለች። ወንበሩን በቀስታ አስቀምጬ ወጣሁ። የቤታቸውን ደፍ ከዚያ ወዲህ ረግጬ አላውቅም። ምግብ ስትልክልኝ እበላለሁ፣ ሆዴ ምን አጠፋ? ሳህኑን አጥቤ ማድ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጥላታለሁ። ወንድሜስ ያን ቀን የት ነበር ብትሉ እዚያው ነበር። ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። እሱ እንዲማር ነው እኮ እኔ ሰባተኛን ያላለፍኩት! አባታችን ሲሞት እናታችን «ትልቁ ይሥራ» አለች፣ ሠራሁ። ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። ስለ ጎማ ነው የምናወራው።

ሁለቱ ከበሩ ርቀው ሲሄዱ ተነስቼ ለበስኩ። በሩን ከፍቼ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቼ ወጣሁ። ገመዱ ጠቅልዬ እንደሰቀልኩት ግድግዳው ላይ ነው።

ሥራ ቦታ ስደርስ ንፋስ የመኪና ቸርኬ እያንከባለለ ነበር። ንፋስ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ነው፤ ወሬው ስለማያልቅ እኛ ያወጣንለት ጸና። አንድ ጊዜ ካየኝ ይበቃዋል።

«አንተ ሰው፣ ፊትህ ተንፍሷል። ሚስማር ወጋህ?»

ነገርኩት። ሜትሩን ስነግረው ሳቀ፤ ጫማዬ ጋ ስደርስ ግን ሳቁ ቆመ። ቸርኬውን ለቀቀው፣ ቸርኬው ዞሮ ዞሮ ወደቀ።

«ያለ ሽቦ? በምን ገብቶ ነው ታዲያ የሚሞላው?»

«በአየር ነዋ፣ ምን አውቄ።»

«በአየርማ እኛም ስንሞላ ኖረን የለ!» ብሎ ኮምፕሬሰሩን በመዳፉ መታው። «እኛን ማንም ምሁር አላለን።»

አለቃችን ከውስጥ ሆኖ «ኤሌክትሪክም ይሁን ናፍጣ፣ በጎማ እስከሄደ ድረስ እንጀራችሁ ነው፤ በሉ ሥሩ!» ብሎ ጮኸ። ሠራን። ግን ያን ቀን እጄ ከእኔ ጋር አልነበረም። የአንድ ጎማ ካላማዳሪ ለጥፌ ውኃ ውስጥ ስነክረው ከሌላ ቦታ አረፋ ወጣ፣ ያንን ስለጥፍ ሌላ። ባለ መኪናው «አባባ፣ መነጽር ያስፈልግዎታል» አለኝ። አባባ! እሱም ለራሱ ጺሙ ሽበት ነው። አንድ ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቴ የሚዞረው፤ ሳይነግሩኝ ልውጣ። ውጣ ከተባልኩ በኋላ መውጣት ሌላ ነው። በራሴ እግር፣ በራሴ ዕቃ ጫኝ ቀድሜ ከወጣሁ ግን ቢያንስ አስወጣነው አይሉም። ወንድሜ ከሥራ ሲመጣ ባዶ ክፍል ያግኝ። ባዶ ነው አይደል ያለችው? እንግዲያው ይሁንላት።

ንፋስ የሚከራይ ክፍል የሚያውቅ ሰው ያውቃል። ምሳ ሰዓት ላይ ከሱቅ ጀርባ ወዳለ ግቢ ወሰደኝ። ባለቤቷ ወፈር ያሉ፣ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ናቸው። ክፍሉን ከፈቱልኝ። መስኮት አለው ብለው ነበር፤ እውነትም አለው፣ ሲከፈት ግን የጎረቤት ግድግዳ አፍንጫ ላይ ይመጣል። ወለሉ ላይ የቀድሞ ተከራይ አልጋ የቆመበት አራት የተፋቀ ምልክት አለ፤ እግሮቹ የት የት እንደነበሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኪራዩን ነገሩኝ። የወር ገቢዬን ግማሽ ይበላል። ይብላ፣ አልኩ በልቤ። መብላቱ ካልቀረ በግልጽ የሚበላኝ ይሻላል።

«ስንት ሰው ትሆናላችሁ?» አሉ ሴትዮዋ።

«አንድ።»

«ባለቤት?»

«የለም።»

«ልጅ? ዘመድ? የሚጠይቅህ ሰው?»

ወደ ንፋስ አየሁ። ንፋስ ወደ ጣሪያው አየ።

«የለም» አልኩ።

ሴትዮዋ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አዟዟሩት። «አትቀየመኝና ብቻውን የሚኖር ሰው ያስፈራኛል። አንድ ነገር ቢሆን ማንን እጠራለሁ? ለማንኛውም ማታ ዕቃህን ይዘህ ና፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

ከሥራ ስንወጣ የአለቃችንን ባለ ሦስት እግር ጭነት መኪና ለመነልኝና ይዘን ሄድን። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ጀሪካን፣ ምድጃ፣ ጥቂት ልብስ። የዕድሜዬን ሁሉ አንድ ዙር ይጨርሰዋል። «ከውጭ ጠብቀኝ፤ ሰው ሲያግዘኝ እንዲያዩ አልፈልግም» ብዬው ወደ ግቢው ገባሁ።

ጋራዡ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

አልጋዬ የለም። ሳጥኔ የለም። ሚስማሮቼ ባዷቸውን ቆመዋል፣ አንዳንዱ ተነቅሎ ቀዳዳው ቀርቷል። ወለሉ ተጠርጎ ታጥቧል። እኔ ስተኛበት በኖርኩበት ቦታ ላይ የወንድሜ መኪና ቆሟል። ወንድሜ መሪው ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። ጠዋት ሜትሩን የላከው ዕቃ ገጣሚ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳው ላይ የሰቀላትን ትንሽ ሣጥን ይነካካል። ሣጥኗ ላይ አረንጓዴ መብራት በርቷል። የወንድሜ ሚስት ከማድ ቤቱ ደጃፍ ቆማለች። ማንም አላየኝም። ቀድሜ ልወጣ ነበር እኮ ያሰብኩት። በአንድ ከሰዓት ቀደሙኝ። የመኪናውን ጎን ያዝኩ።

ያኔ ነው ጫማዬን ያየሁት። የግራው እግር፣ ያ ሜትሩን እምቢ ያለው፣ ሲጠርጉ ረስተውት ወይ ተንከባሎባቸው፣ ከመኪናው ሥር ወደ ውስጥ ገብቶ ተጋድሟል። አጠገቡ ያ ጠፍጣፋ ነገር አለ፤ ፓድ ይሉታል፣ የእኔ ዓይን ግን ትልቅ ትሪ ነው ያየው። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ጫማዬን ግን አልተውላቸውም አልኩ። ተንበረከክኩ፣ ወገቤ ጮኸ፣ በደረቴ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ። ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ቀዝቃዛ ነው፤ አውቀዋለሁ።

«ቆይ ቆይ! ቀይ ሆነ» አለ ገጣሚው። «አቆመ። ከሥሩ የሆነ ነገር አለ።»

«ምን?» አለ ወንድሜ ከመኪናው ውስጥ።

«ብረት ቢሆን ሌላ ምልክት ነበር የሚያሳየኝ። ይሄ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ነፍስ ያለው ነገር ሥሩ ከገባ ራሱን ያቆማል፣ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ድመት አላችሁ እንዴ?»

«ድመት የለንም።»

«እንግዲያው ማነው ያለው?»

የእሷን እርምጃ ሰማሁ። በመኪናው ወዲያ ማዶ መጥታ ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ አለች። በጎማዎቹ መካከል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔ ወለል ላይ፣ ጫማዬን ይዤ። ጠዋት ያለችውን እኔ እንደሰማሁ አታውቅም፤ ግን ፊቴን አይታ አወቀች መሰለኝ፣ የሷም ፊት ተለወጠ። ዕቃ ነው ብትል ይቀላት ነበር። ገጣሚውም አይከራከራትም።

«ሰው ነው» አለች። «የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።»

ገጣሚው ዞር አለ። «እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

«ቤታቸው ነው። እስከ ትናንት እዚህ ነበር የሚያድሩት።»

«እመቤቴ፣ ሰው አያድርበትም ብለውኝ አልነበር?»

«ከዛሬ ጀምሮ አያድሩበትም» አለች።

ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ወገቤን ረስቼዋለሁ። «አዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ አላድርም! አልጋዬን የት ጣላችሁት? ጭነት መኪና ውጭ ቆሞልኛል። ማንም እንዲያወጣኝ አልጠበቅኩም፣ በራሴ ነው የምወጣው!»

ወንድሜ ከመኪናው ወረደ። ትልቅ ሰው ነው፣ መሥሪያ ቤት ሙሉ ሰው የሚነሳለት፤ እዚያ ግን እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። «ጋሼ...» አለ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ዓይኑ የኋላው ጎማ ላይ አረፈ። «ጎማው...»

«ተናገራ!» ብላ ጮኸችበት ሚስቱ። ጮኻ ሰምቻት አላውቅም። «ሳምንት ሙሉ እነግረዋለሁ፣ እነግረዋለሁ እያልክ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አልጋዎ ቤት ውስጥ ነው። የሥራ ክፍሉን ለቀቀልዎት። ጠረጴዛውን ዛሬ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ ራሱ ነው ያወጣው፣ መጽሐፎቹ ኮሪደር ላይ ተከምረዋል፣ ማለፊያ የለም።»

«ማን ጠየቀው?»

«ማንም አልጠየቀውም። ማታ ማታ በዚያ ክፍል መስኮት ያይዎታል። በዝናብ ጎንበስ ብለው ሲሰኩ። መጋረጃውን ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል፣ እራት ይቀዘቅዛል። ይኼ ሽቦ የሌለው ነገር መምጣቱን ከሰማበት ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።»

«ታዲያ ራሱ ወጥቶ አይሰካውም ነበር?»

«እኔም ይኸንኑ ነው ያልኩት!» አለች።

በአንድ ነገር ስንስማማ ይህ የመጀመሪያችን ነው። ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ «ወጥቼ ነበር» አለ። «አንድ ቀን ወጥቼ ነበር። ገመዱን ከእጄ ቀማኸኝ።»

«ሱፍ ለብሰህ ነበራ! ጭቃ ሊነካህ!»

«አዎ» አለ። «ሱፍ ለብሼ ነበር።»

ገጣሚው አንዴ እኛን፣ አንዴ ቀዩን መብራት ያያል። እኔ ግን እሺ ማለት ቀላል አልሆነልኝም። ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩትን የት ላስቀምጠው? «እኔ እንደሆነ ግቢ የማይ ሰው ነኝ» አልኳት። «ግቢ የሚያይ ቤት ውስጥ አይተኛም።»

ወዲያው ነው የገባት። ለካ እሷም አልረሳችውም። ቀሚሷን የሰበሰበችበት እጇ ላላ። «ሰምተውኛል ያን ቀን?» አለች።

«ወንበሩን ይዤ ነበር።»

«አፍሬ ነው» አለች ቀስ ብላ። በማን እንዳፈረች አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

በዚህ መሃል ውጭ ጥሩምባ ተነፋ፣ ደግሞ ተነፋ፤ ንፋስ መጠበቅ ሰልችቶት ራሱ ከች አለ። «አንተ ሰው፣ አልጋው የታለ?» አለና ዓይኑ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ይኼ ነው? ኧረ ይኼ ትሪ ነው እኮ! ለዚች ነው ጠዋት ፊትህ የተነፈሰው?» ከዚያ ፊታችንን አየና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ ወሬውን መሃሉ ላይ ቆረጠው።

ሴትዮዋ ከሱቁ ጀርባ ቁልፋቸውን አንጠልጥለው እየጠበቁ ናቸው። አራቱ የአልጋ እግር ምልክት፣ አፍንጫ ላይ የሚመጣው ግድግዳ። ቢያንስ የራሴ ነው ያልኩት ክፍል። ወንድሜን አየሁት። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ሲፈራ የታች ከንፈሩን ይነክሳል፤ አባታችን የሞተ ዕለትም ነክሶት ነበር፣ እኔ ነኝ ደሙን የጠረግኩለት። አሁንም ነክሶታል።

«እሺ» አልኩ። «ለጊዜው።»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። «ለጊዜው» አለ።

ወደ ንፋስ ዞርኩ። «ሂድና ለሴትዮዋ ንገራቸው። ብቻውን የሚኖር ሰው አይደለም በላቸው።»

«እና ማታ ማታ ከማን ጋር ይኖራል ቢሉኝ?»

«ሂድ አንተ!» አልኩት።

ጫማዬን ይዤ ስወጣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ገጣሚው ወረቀት ሳያስፈርም፣ ሳይጨቃጨቅ ዕቃውን ሰበሰበ። እሷ ቀድማኝ ገባች፤ በሩን ከፍታ እስክገባ ያዘችልኝ። ደፉ ላይ ሥራ የዋለውን ጫማዬን አወለቅኩ። ኮሪደሩ እውነትም ማለፊያ የለውም፣ በጎኔ ነው ያለፍኩት። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ላይ የመደርደሪያው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። አልጋዬ ተነጥፏል፤ አንሶላው የእኔ አይደለም። ሳጥኔ ከእግርጌው ነው። ከላዩ የቀኙ ጫማዬ ብቻውን ተቀምጧል፤ የያዝኩትን አጠገቡ አደረግኩት። ከተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ያላመጡልኝ ገመዱን ብቻ ነው። ወጥቼ ከግድግዳው አወረድኩትና እንደ ወትሮዬ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ማን ያውቃል፣ ያ ትሪ ቢበላሽስ?

ሲመሽ ዝናብ ጀመረ። እግሬ ሳላዘው ተነሳ፤ በር ጋ ደርሼ ነው የምሰካው ነገር እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ተመልሼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ከማድ ቤቱ የሚወጣው ብርሃን ግቢው ላይ ይወድቃል፣ ልክ እኔ ጎንበስ እል የነበረበት ቦታ ላይ። ጋራዡ እንደተከፈተ ነው፣ የመኪናው ኋላ ይታያል። ከዚህ ሲታይ እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው እዚያ ቢያስል ከዚህ ይሰማል። መጋረጃውን ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት።

በሩ ተንኳኳ። ቤቱ የእሱ ነው፣ ክፍሉም እስከ ጠዋት የእሱ ነበር፣ ግን አንኳኳ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

ከበሩ ወዲያ ዝገት የለም እንጂ ቢኖር ይፍቀው ነበር።

«የኋላው ጎማ» አለ፣ «ንፋስ ትንሽ አላነሰውም?»

ከሰዓት ጉንጬን ከጎኑ አድርጌ አይቼዋለሁ። ምንም አላነሰውም።

«ከዚህ መስኮት ይታያል» አልኩት። «ግባና አብረን እንየው።»